የሸጌ ጥያቄዎች

ስልኩ ሲጮኽ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ ኤልሳቤጥን አየ። ስልኩ የሟች ነበር። ኤልሳቤጥ እናቷን ሸጌን ከቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ያልሰማ ሰው ቢደውል መርዶውን ራሷ ለመንገር ብላ ስልኩን ከነጠላዋ ሥር ይዛው ነበር የዋለችው።

«አጥፊው እንጂ» አሉ የሸጌ ታላቅ ወንድም አያ ቢተው። ከብልባላ በእግራቸው መጥተው ከወንዶቹ ፊት ተቀምጠዋል። «ለቅሶ ቤት ነው እኮ።»

ኤልሳቤጥ ቁጥሩን አየችው። የቤሩት ነው። ከሴቶቹ መካከል ጎረቤታቸው ሰብሌ ግማሽ ተነሥታ መልሳ ተቀመጠች።

«የኔ ቀጠሮ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ለዛሬ ነበር። ይቅር ኤልሲ፣ ተዪው። ዝም ብዬ እሄዳለሁ።»

ሰብሌ ከባሏ ከተፋታች ወዲህ የአራት ዓመት ልጇን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ቤሩት ለሞግዚትነት ልትሄድ ወረቀቷ ሁሉ አልቆ በማግስቱ ወልድያ ወርዳ ውሉን ልትፈርም ነው። ሸጌ ደግሞ ከልጅቷ አሠሪ ጋር ሳትነጋገር ማንንም «ሂጂ ፈርሚ» ብላ አታውቅም።

ደላላ አልነበረችም፤ ለዚህ ነገር ከማንም ምንም አትቀበልም። አሥራ አንድ ዓመት ቤሩት የሰው ልጅ አሳድጋ ላሊበላ ከተመለሰች በኋላ፣ ዓረብ አገር ለመሄድ የተነሣች ሴት ሁሉ መጀመሪያ እሷ ቤት ትመጣለች። ሸጌም የምትቀጥራትን ሴት በቪዲዮ ታስደውልና፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ በዓረብኛ ጥያቄ ትጀምራለች። «እነሱ ፎቷችንን አይተው ይመርጡናል» ትል ነበር። «እኛስ ማን ቤት እንደምንገባ አናይም? ልጃቸውን እኮ ነው የሚያስረክቡን!» መልሱ ካልጣማት ስልኩን ዘግታ ወደ ልጅቷ ትዞርና «ይሄ ቤት አይሆንሽም» ትላለች። ደላሎች አይወዷትም ነበር። አንዱ በሯ ድረስ መጥቶ ገበያዬን ዘጋሽብኝ ብሎ ሲጮኽባት፣ «አንተ እህትህን እዚያ ቤት ትልካለህ?» አለችው። ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ስልኩ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጮኸ።

«አያ፣ ይፍቀዱልኝ» አለች ኤልሳቤጥ።

«አፈሩ ሳይደርቅ?»

«እማ ብትኖር ታነሣው ነበር።»

«እሷማ ለባዕድ ስልክ መች ዘግይታ ታውቃለች» አሉ አያ ቢተው። «ለኛ ሲሆን ነው እንጂ።»

ሴቶቹ አቀረቀሩ። ይህ ነገር የቆየ ቂም መሆኑን ቤተ ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ሸጌ ስትሄድ ኤልሳቤጥ አራት ዓመቷ ነበር፤ ያደገችውም ብልባላ፣ አያ ቢተው ቤት ነው። ሰባት ዓመት ሲሆናት ትኩሳት ጥሏት፣ አያ ቢተው በበቅሎ አስቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው ደግፈው ላሊበላ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ሦስት ቀን ሙሉ ከአንድ ሱቅ ቤሩት አስደወሉ። የሚያነሣ አልነበረም። ልጅቷ ዳነች፤ አያ ቢተው ግን ከዚያ በኋላ ከእህታቸው ጋር የቃል ሰላምታ እንጂ የልብ ጨዋታ አልነበራቸውም። ትናንትም መቃብሩ አፍ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ እንጂ እንባ አላወጡም።

ለኤልሳቤጥም ቢሆን ነገሩ ቀላል ሆኖ አያውቅም። ትናንት ከድንኳኑ ጀርባ ሁለት ሴቶች «የሰው ልጅ ስታሳድግ የራሷን ሌላ አሳደገላት» ሲባባሉ ሰምታለች። አልተቆጣችም። እሷም ስንት ዓመት ያንኑ ስትል ኖራለች። እናቷ የተመለሰች ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ሸጌ ሻንጣውን ከፍታ የሚያምር ቀይ ጫማ አወጣችላት። ጫማው ለአሥር ዓመት ልጅ ነበር የሚበቃው። ኤልሳቤጥ ተረከዟን ለማስገባት ስትታገል፣ ሸጌ ጫማውን ከእጇ ተቀበለችና ፊቷን አዙራ ለረጅም ጊዜ ሻንጣውን ስታስተካክል ቆየች።

ያቀራረባቸው እነዚያ ስልኮች ናቸው። «ነዪ፣ መልሱን ጻፊልኝ» አለቻት አንድ ቀን። ጎን ለጎን ተቀምጠው እናት ስትጠይቅ ልጅ በደብተር ስትጽፍ፣ ዓመት ከዓመት ኤልሳቤጥ ዓረብኛውን ለመደችው። በጥያቄዎቹ በኩል እናቷንም ለመደቻት። ኋላ አዋላጅ ነርስ ሆና ሥራ ከያዘች በኋላ እንኳ፣ ስልክ ያለ ቀን እየሮጠች ነበር ቤት የምትገባው።

ስልኩን አነሣችው።

የስልኩ ማያ ላይ የመጣችው ሪማ የምትባል ሴት ናት፤ ፋርማሲስት፣ የመንታ ወንዶች እናት። «ሸጌን ነበር» አለች።

«እናቴ ናት። አርፋለች። ትናንት ቀበርናት።»

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። «አላህ ይርሐምሃ፣ ነፍሷን ይማር… ሌላ ቀን ልደውል።»

«ሌላ ቀን የለም፤ ሰብሌ የምትፈርመው ነገ ነው። እናቴ የምትጠይቅሽን እኔ እጠይቅሻለሁ።»

ኤልሳቤጥ ሳታውቀው ጀርባዋ ቀጥ ብሏል። ሸጌ ከላከቻቸው አንዷ የነበረችውና ለለቅሶ የመጣችው ጀውሀራ ይህን አይታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ወደ ሽማግሌዎቹም ጠጋ ብላ፣ የሚባባሉትን ቃል በቃል በአማርኛ ታሰማቸው ጀመር።

«የት ነው የምትተኛው?»

«ከልጆቹ ጋር።»

«የራሷን በር ዘግታ የምታርፍበትስ?»

«አንድ ትንሽ ክፍል አለ፤ አሁን ዕቃ ነው ያለበት።»

«አሳዪኝ።»

ሴትዮዋ ስልኩን ይዛ ሄደች። ካርቶን የተደረደረበት ክፍል ነው፤ መስኮት ግን አለው።

«ካርቶኑ ይውጣ። ቁልፉ ከውስጥ ይሁን። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች?»

«ትሄዳለች። እዚህ ያሉ ሴቶቻችሁ ሁሉ ይሄዳሉ።»

«ስልኳ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?»

«ያው ቀን ቀን እኔ ጋ ይሁን» አለች ሪማ፣ ምንም የከፋ ነገር እንዳልተናገረች ሰው። «ከልጆቹ እንዳያዘናጋት።»

ጀውሀራ ይህን ስትተረጉም ድምፅዋ ተሰበረ። ኤልሳቤጥ ስልኩን ወደ ፊቷ አቀረበችው።

«እንግዲያው አትመጣም።»

ሰብሌ ደረቷን ያዘች። ሪማም ፊቷ ተለወጠ። «ሌሎች ብዙ ሴቶች አሉኮ!»

«አሉ። እኔ የምልሽ ግን፣ የራሷ ልጅ ይታመም ይዳን የማታውቅ ሴት ያንቺን ልጅ በምን ልቧ ታባብላለች? ልጆችሽን የምትተዪው ለሷ ነው። ከሰጠሻት አይቀር አምነሽ ስጫት።»

ከወዲያ በኩል አንዱ መንታ ማልቀስ ጀመረ። ሪማ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ ሄዳ አነሣችው። ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች ወዲህ ወዲያ አለች። ተመልሳ ስትቀመጥ ቁጣው ከፊቷ ጠፍቶ ነበር።

«ስልኩ እሷ ጋ ይሁን።»

«ውሉ ላይ ይጻፍ።»

«ይጻፋል።»

«የመጨረሻ ጥያቄ። ልጇ ማን ይባላል?»

«የማን ልጅ?»

«የሰብሌ።»

ሴትዮዋ አላወቀችም። ኤልሳቤጥ ሰብሌን በእጇ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻት። «ይታገሱ ነው ስሙ» አለች ሰብሌ ወደ ስልኩ። ሪማ ሞከረችው፤ አበላሸችው። እንደገና ሞከረች። በሦስተኛው «ይታገሱ» ብላ ስትጠራው፣ በዚያ ድንኳን ውስጥ ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶቹ ፈገግ አሉ።

«አሁን ፈርሚ» አለቻት ኤልሳቤጥ ለሰብሌ፣ ስልኩን ዘግታ። «የተባለውን ሁሉ ጽፌ እሰጥሻለሁ።»

«ሸጌን ራሷን እኮ ነው የሰማሁት!» አለች ጀውሀራ።

አያ ቢተው ግን ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆዩ።

«ስለ ስልኩ ያን ያህል የጠነከርሽባት ለምንድን ነው?» አሉ በመጨረሻ።

ኤልሳቤጥ ለመናገር ፈራች። እናቷ ይህን ለማንም እንዳትነግሪ ብላታለች። አሁን ግን የምትከለክላት የለችም።

«እኔ በታመምኩ ጊዜ፣ አያ፣ የእማን ስልክ አሠሪዋ ከመሳቢያ ቆልፋበት ነበር። ሲጮኽ ትሰማዋለች፤ ማንሣት ግን አትችልም። ሦስቱንም ቀን የአሠሪዋን ልጅ ገላ እያጠበች፣ ምግብ እያጎረሰች ሰምታዋለች። ከቤት ሰው አንዱ እንደሞተ ገምታ፣ ማን እንደሆነ ሳታውቅ አርባ ቀን ቆየች። የዳንኩትን የሰማችው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«‹ወንድሜ ልጄን በበቅሎ አድርሶ ያዳነ ሰው ነው፤ በሱ ፊት ምክንያት አልደረድርም› ትለኝ ነበር።»

ከውጭ አዲስ ለቀስተኞች ሲገቡ ተሰማ፤ ዕድርተኞች እዝኑን እያቀረቡ ነበር። ኤልሳቤጥ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ስንቱ ለምኗት እምቢ ብላለች።

አያ ቢተው ከዘራቸውን አስደግፈው ተነሡ። ድንኳኑ ጥግ ካለው ማስታጠቢያ ማንቆርቆሪያውን አነሡና መጥተው ፊቷ ቆሙ። ዕድሜዋን ሙሉ ለእሳቸው እጅ ውኃ ስታፈስ ያደገች ልጅ ነችና ደንግጣ ልትነሣ ሞከረች።

«ኧረ አያ! ምነው!»

«ተቀመጪ» አሉ። «የሸጌ ልጅ፣ እጅሽን አምጪ።»

ሁለት እጇን ዘረጋችላቸው። እሳቸው ጎንበስ ብለው፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ፣ ውኃውን በቀስታ አፈሰሱላት።