በሞራው ላይ ያልነበረው ቀዳዳ

ሞራ ገላጩ አባባ ዳባ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ሞራውን አይቼ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። በግ ሲታረድ የሆድ ዕቃውን የሸፈነውን ስብ ወደ ብርሃን ዘርግቼ፣ ደም ስሩ ወዴት እንደሚሄድ፣ የቱ ጋ እንደሳሳ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ይፈታሉ። ለእኔም ተመችቶኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥንቆላ ጻፉ ተብለን ስለነበር ከኮልፌ ሳልወጣ የምጽፈው አገኘሁ።

በ1962 መስቀል ባለፈ በሳምንቱ እሁድ ጎረቤታችን እትዬ ዋጋነሽ በግ አሳረዱ። ጦር ኃይሎች ሰፈር ቅቤ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ልጃቸው ሰርኬ ጅማ ነርስነት እንድትማር ተቀብለዋት፣ በማግስቱ ልትሄድ ነው። እስከ ረቡዕ ካልደረሰች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሻንጣዋ በር ላይ ቆሟል።

“መንገዷን ብቻ ይዩልኝ፣ አባባ” አሉ እትዬ ዋጋነሽ።

“እኔማ ምን አያለሁ! ኮሌጁ ይይልሽ እንጂ” አሉ አባባ ዳባ፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

ሰው ሳቀ። ሰርኬ ጣቷን ቀሰረችብኝ፤ “ጉልላት፣ አደራ፣ ጅማ ላይ ባል እንዳታይብኝ!”

ሞራው ንጹህ ነበር። መንገድ የሚሉት ደም ስር ሳይቆረጥ እስከ ጠርዙ ይሄዳል። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ የሌለ ነገር ብናገር ሽማግሌው ያውቁ ይሆን? ለጽሑፌ ከዚህ የተሻለ ፈተና አልታየኝም።

“በግራ በኩል፣ መንገዱ ላይ ቀዳዳ አለ” አልኩ።

አባባ ዳባ እጃቸውን ሰደው ሞራውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው ዳሰሱት። ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ፣ “መንገዱ ይቅር” አሉ።

እትዬ ዋጋነሽ ሻንጣውን ራሳቸው ወደ ጓዳ መለሱት። ዋሽቻለሁ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። የተሰበሰበውን ሰው አየሁና ዘጋሁት። እስከ ረቡዕም ሦስት ቀን ነበረኝ፤ በየቀኑ ነገ እናገራለሁ እያልኩ አሳለፍኩት።

ሐሙስ አባባ ዳባ ዘንድ ሄድኩ።

“ቀዳዳ አልነበረም፣ አባባ።”

“አውቃለሁ። የደከመው ዓይኔ ነው፣ ጣቴ አይደለም።”

“ታዲያ ለምን መንገዱ ይቅር አሉ?”

“በሰው ፊት ውሸታም ልበልህ? ራስህ ትመልሰዋለህ ብዬ ጠበቅሁህ። ያም የእኔ ጥፋት ነው።” ራሳቸውን ነቀነቁ። “በል ሂድና ንገራት።”

እትዬ ዋጋነሽን ጦር ኃይሎች አገኘኋቸው። ሰርኬ አጠገባቸው ቅቤ ትመዝናለች። ሁሉንም ተናገርኩ፣ ጽሑፉን ጭምር።

እትዬ ዋጋነሽ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “አይ የኔ ልጅ! ሰርኬ ስታለቅስ አይቶ አንጀቱ አልችል ቢለው በራሱ ላይ ይዋሽ? ሞራው ያለውን ብሏል። ሰርኬ፣ ለእናቱ ቅቤ ጠቅልይለት።”

“እውነቴን ነው፣ እትዬ…”

“ተው አሁን! ተቀበል።”

ሰርኬ ግን አምናኛለች። ቅቤውን በኮባ ጠቅልላ፣ አጥብቃ አሰረችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

“ባል ብታይብኝ ይሻለኝ ነበር” አለች፣ እናቷ እንዳይሰሙ ቀስ ብላ።

ቅቤውን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።