የገብስ ቅንጣት የምታሳልፍ ፍንጭት

ቁጭ በሉማ ልጆቼ። አንተ ያችን በርጩማ ሳብ አድርጋት፤ አንቺም ስልክሽን ለትንሽ ጊዜ አሳርፊያት፣ እሷም ደክሟታል። ስለ ጥርስ ላጫውታችሁ ነው። ስለ ጥርስ ለማውራት ከእኔ የተሻለ ሰው ይኖራል፤ እኔ ራሴ የቀረኝ አሥራ አንድ ብቻ ነው። ነገር ግን አርባ ዓመት በቆሰበር ገበያ የፈረስ ደላላ ነበርኩ። የፈረሱን ከንፈር ገለጥ አድርጌ «ስድስት ዓመቱ ነው» ካልኩ ስድስት ዓመቱ ነው። የቀለም ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የጥርስ ትምህርቴ ግን አልቆመም።

የሟች ወንድሜ ሚስት እታለማሁ ትባላለች። ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ስማቸው ይባላል። እሱ ዳንግላ የምታስተምር ሜላት የምትባል ልጅ ወደደና ሽማግሌ ይላክልኝ አለ። እኔና ቄስ ባምላክ ተመረጥን። ልንነሣ ስንል እታለማሁ፣ እንደ ልማዷ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ከፍ አድርጋ፣ ከነጠላው ውስጥ ተናገረች።

«አያ ደርበው፣ ዘሯን አስጠይቄያለሁ። ጠባይዋንም ሰምቻለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ፍንጭት ናት ይላሉ። አይተህ ና። ፍንጭት ከሆነች እመርቃለሁ። ካልሆነች ልጄ ሌላ ይፈልግ።»

«በጥርስ ነው እንዴ ሰው የሚመረጠው?»

«አንተ ፈረስ የምትመርጠው በምን ነበር?»

በትሬን አነሣሁና ወጣሁ።

የነጠላውን ነገር ላስረዳችሁ። እታለማሁ በኮረዳነቷ ፍንጭቷ ከአዘና እስከ ግምጃ ቤት የታወቀ ነበር። ከላይ በሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መካከል የገብስ ቅንጣት በጎኗ ታልፋለች። ያን ጊዜ ኮረዶች እንዲያ ነበር የሚለካኩት፤ ገብሷን ያሳለፈች ፍንጭት ትባላለች፣ ያላሳለፈች ዝም ብላ ቆሎዋን ትበላለች። ወንድሜ በፈረሰኞች በዓል ስትስቅ አያትና ጉግሱ ሳያልቅ ከፈረሱ ወረደ። ፈረሱ ለብቻው ጨረሰ።

ስማቸው በተወለደ በዓመቱ አንዱ የፊት ጥርሷ ታመመ። ጥርስ ነቃይ ተጠራ። ሰውዬው ጉጠቱን ይዞ መጣና ጤነኛውን ነቀለ። ቀጥሎ «ይቅርታ» አለና የታመመውንም ነቀለ። ጭንቅላቷን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ። አፍ ያውቃል ተብዬ ነበር የተጠራሁት፤ ነገር ግን ከኋላዋ ስለቆምኩ የትኛውን እንደያዘ አልታየኝም። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ነጠላው ከአፏ አልወረደም። ስትበላ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ስትስቅ ያየ የለም።

እንግዲህ በኅዳር፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ዳንግላ ደረስን። የሜላት አባት ሀብቱ በር ከፈተልን። የሽማግሌ ወግ ነውና ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን፤ ልጃችሁን ለልጃችን አልን። ሀብቱም ዘመድ አዝማድ እንጠይቅ፣ ልጅቷንም እንስማት አለ። ያን ጊዜ ተቀመጥን። ጉልበቴ አመሰገነኝ።

ሜላት ቆሎ ይዛ መጣች። ቁመናዋ ያማረ፣ ዓይኗ የረጋ ልጅ። ሰላም ስትለን ግን ከንፈሯ አልተከፈተም። እኔ ደግሞ የመጣሁበትን ጉዳይ ማየት አለብኝ። ጎንበስ አልኩ። አላየሁም። ከዚያ በላይ ጎንበስ አልኩ።

ቄስ ባምላክ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «ደርበው፣ ገበያ አይደለም» አሉኝ በቀስታ።

ልጅቷ መስቀል ልትሳለም ወደ እሳቸው ዞረች። ግንባሯን አስነካች፣ ቀጥላ ሳመችው። መስቀሉ ጠቅ አለ። ብረት ከብረት ሲነካካ ማለት ነው። ቄስ ባምላክ መስቀላቸውን አገላብጠው አዩት፤ ምንም አልሆነም።

«ሽቦ ነው አባ» አለ ሀብቱ። «ባሕር ዳር የጥርስ ሐኪም ነው ያሰረላት።»

«መንጋጋዋ ተሰብሮ ነው?» አልኩ።

«አይ፣ ደህና ናት። የፊት ጥርሶቿን ክፍተት ለመዝጋት ነው።»

የያዝኩትን ቆሎ መልሼ አስቀመጥኩ።

«አባባ፣ አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው» አለች ሜላት። «ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ‹ሰ› ስል ያፏጫል። ልጆቹ ደግሞ የሚማሩት ከእኔ አፍ ነው። ስድሳ ሦስት ልጅ ‹ሰ› በሉ ስላቸው አብረው ያፏጫሉ። የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥቶ ‹ልጄ ሰኞ ለማለት ያፏጫል፤ ሰኞ ባለ ቁጥር በሬዎቼ ይነሣሉ› አለ።»

«እውነቱን ነው?»

«በሬዎቹን አላየሁም። ልጁ ግን እውነቱን ነው።»

«እስኪ ልየው» አልኳት። ከፈተች። በየጥርሱ ላይ አንዳንድ ትንሽ ብረት ተለጥፏል፤ በብረቶቹ ውስጥ ደግሞ ቀጭን ሽቦ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል። ጥሩ አጥር ነው። ባለቤቱ የሚጠነቀቅለት ማሳ ነው የሚመስለው። ክፍተቱ አለ፤ ነገር ግን ገብስ በጎኗ ብታልፍ በጭንቅ ነው።

«መቼ ይዘጋል?»

«ሐኪሙ ለፋሲካ ይላል።»

ሰርጉ የታሰበው ከፋሲካ በኋላ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባሱ ያወረደን ቲሊሊ ነው። ቲሊሊ ከቆሰበር ወዲያ ማዶ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ወያላው እንቅልፍ ወስዶት ሳያወርደን አልፎ ነው። መልሶ የሚወስደን መኪና ስንጠብቅ ቄስ ባምላክ ጠየቁኝ።

«ምን ልንላት ነው?»

«ያየነውን። ፍንጭት ናት።»

«ለፋሲካ እንደሚዘጋስ?»

«አባ፣ ደላላ የሚመሰክረው በዕለቱ ለታየ ጥርስ ነው። ፈረሱ በዓመቱ ጥርሱ ቢያልቅ ደላላ አይጠየቅም።»

«ገበያ አይደለም አልኩህ።» ግን እሳቸውም የተሻለ ሐሳብ አልነበራቸውም።

እታለማሁ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችን። «ፍንጭት ናት?»

«ናት።»

«ገብስ ታሳልፋለች?»

«በጭንቅ።»

«በጭንቅም ማሳለፍ ነው» አለችና ገባች።

ስማቸው ተከትሎኝ ወጣ። «አጎቴ፣ የሽቦውን ነገር ነገርካት?»

«አልጠየቀችኝም።»

«እኔ የወደድኩት ሜላትን እንጂ ክፍተቷን አይደለም። እሷ ደግሞ እናትህ ካልመረቀችን ቤትህ አልገባም ብላኛለች። እናቴ ስታውቅ ምን ልሆን ነው?»

«እስከ ፋሲካ ብዙ ቀን አለ» አልኩት። ብዙ ቀን ግን ያልቃል። በዚያ ላይ እታለማሁ ቀን ቆጣሪ ናት።

ፋሲካ አለፈ። መንገዱ በዚያ ሰሞን ሲዘጋ ሲከፈት ከረመና አንድ ቀን ሲከፈት እታለማሁ ነጠላዋን ለብሳ እቤቴ መጣች። «ምራቴን በዓይኔ ሳላይ ድንኳን አላስተክልም። ተነሥ፣ ዳንግላ አድርሰኝ።» ሆዴን አሞኛል አልኳት። «መንገድ ላይ ይሻልሃል» አለችኝ።

ዳንግላ ገባን።

ሜላት ፈገግ ብላ ወጣች። ሽቦው ተነሥቷል። ጥርሷ ትከሻ ለትከሻ ተጋጥሞ፣ እንደ አዲስ በቆሎ ራስ ረድፉን ይዞ ቆሟል። እንኳን ገብስ ክር አያሳልፍም። እታለማሁ ረጅም ጊዜ አየቻት። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች።

«አያ ደርበው።»

«አቤት።»

«ፍንጭቷስ?»

«በዕለቱ ነበረች።»

«አሁን የት ሄደች?»

«ተዘጋች።»

«ማን ዘጋት?»

«ሐኪም።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ የላክሁት ወንድሜን ነው። የመጣው ደላላው ነው» አለች። አርባ ዓመት በገበያ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚያች ልቤ ገብታ የቀረች ግን የለችም።

ሜላት አልተደናገጠችም። «እማማ፣ እሳቸውን አይቆጡ። ያስዘጋሁት እኔ ነኝ» አለችና እንድትቀመጥ መደቡን አሳየቻት።

«እግዜር የሰጠሽን ውበት ምን አድርጎሽ ዘጋሽው?»

ልጅቷ ያንኑ ነገረቻት። ስለ ስድሳ ሦስቱ ልጆች፣ ስለ «ሰ»፣ ስለ ወላጆች ስብሰባ። ከኅዳር ወዲህ የተጨመረም ነበር፤ ያ አባት ተመልሶ መጥቶ «አሁን ልጁ ተስተካከለ፣ በሬዎቹ ግን ሳይፏጭላቸው አይነሡም፤ በሳምንት አንድ ቀን እንደ ድሮው አስተምሪልኝ» ብሏታል። እሷም ጥርሴ ተዘግቷል አለችው። «ታዲያ በሬዎቹን ማን ይንገራቸው?» አላት።

ከነጠላው ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ብዙ ዘመን ያልተከፈተ በር ሲከፈት እንደሚያሰማው ነው። እታለማሁ ስቃለች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ነጠላው ወደ አገጯ ወረደ፣ ሠላሳ ዓመት የተሸሸገው ባዶ ቦታ ቁጭ አለ። ወዲያው ልትሸፍነው እጇን አነሣች።

እኔ ዓይኔን ወደ ምሰሶው አዞርኩ። ሜላት ግን አላዞረችም። የተማሪ ደብተር እንደሚያይ ሰው አተኩራ አየችው።

«እማማ፣ ሁለት ብቻ ናቸው። ይኼን ያ ሐኪም ይሠራዋል።»

«እግዜር የሰጠኝን ሰው ነቀለው። ሰው የሠራውን ምን አደርገዋለሁ?»

«ይስቁበታል።»

እታለማሁ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። ከአገጯ በላይ ግን አላነሣችውም። ከዚያ ጠየቀች፤ «ከነፍንጭቱ ይሠራል?»

«እሱን አልጠየቅሁትም።»

«ጠይቂው። ፍንጭት ከይሄነው ቤት ከሚጠፋ እኔ ልያዘው። ከሠራልኝ ድንኳኑ ይተከላል።» ይሄነው ወንድሜ ነው፣ ነፍሱን ይማረው።

በሳምንቱ ባሕር ዳር ነበርን፤ እሷ፣ ሜላትና እኔ። እኔን ለምን እንደወሰደችኝ አልነገረችኝም። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ልጅ። አፏን አየና ሁለት ጥርስ አስለክቶ እንደሚያሠራላት አስረዳት።

«ክፍተት ይኑራቸው» አለችው።

«እማማ፣ እኔ ጋ ሰው የሚመጣው ክፍተት ሊያስዘጋ ነው።»

«እነሱ ይምጡ። እኔ ላስከፍት ነው የመጣሁት።»

«ምን ያህል ይሁን?»

የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ውስጡ አንዲት የገብስ ቅንጣት አለች። «ይችን በጎኗ» አለችና መዳፉ ላይ አኖረችለት። ልጁ ገብሷን አየ፣ እሷን አየ፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየ።

«ልኩ ነው» አልኩት። «ያኔ ነበርኩ።»

መለኪያውን አመጣና ገብሷን ለካት። ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል። በእታለማሁ ካርድ ላይ ጻፈው። ያ ልጅ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው።

ወንበሩ ወደ ኋላ ተዘረጋ። እኔ እንደ ድሮው ሳላስበው ወደ ራስጌዋ ሄድኩ። እጄንም ዘርግቼ ነበር መሰለኝ።

«አያ ደርበው» አለች፣ አፏን ለሐኪሙ ልትከፍት ስትል።

«አቤት።»

«ዛሬ ጭንቅላቴን አትያዝልኝ። ከፊቴ ቁምና እይልኝ።»

ከፊቷ ቆምኩ። ሁሉንም አየሁ። ሐኪሙ የሚነካውን ሁሉ አየሁ። አንዴ ወዳልሆነ ጥርስ የሄደ መስሎኝ «እሱ ጤነኛ ነው» አልኩት፤ «አውቃለሁ አባባ፣ ልደገፍበት ነው» አለኝ። ቢሆንም መናገሬን አልጠላሁትም። እታለማሁም አልጠላችውም፤ በዓይኗ አየሁት።

ጥርሱ በሦስት ሳምንት ደረሰ፣ ሰርጉ በግንቦት ሆነ። እታለማሁ ልጆቿን ስትመርቅ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አንዷ ጎረቤት ጠጋ ብላ «ምራትሽ ጥርሷ ያምራል፤ ምነው ፍንጭት ብትሆን ኖሮ» አለቻት። እታለማሁ ዞር ብላ እንደ ኮረዳ ፈገግ አለችላት። «ፍንጭቱ በእኔ በኩል ነው» አለች። ሴትዮዋ ጉርሻዋን ይዛ ቀረች።

እኔ ደግሞ በቀጠሮዬ ሄጄ የቀሩኝን አሥራ አንዱን አሳይቻለሁ። ሐኪሙ ዘጠኙ ደህና ናቸው ብሎኛል። እንግዲህ ለዚህም ማመስገን ነው።

ይኸው ነው ጨዋታዬ። አንዲት ነገር ብቻ አደራ ልበላችሁ። ቆሰበር ገበያ ውስጥ እታለማሁ ስትስቅ ካያችኋት፣ ፍንጭትሽ ያምራል በሏት፤ ከየት እንደመጣ ግን አትጠይቋት። የታመመ ሰው ደግፋችሁ ሐኪም ፊት ስትቆሙም፣ ከኋላው አትቁሙ፤ ከፊቱ ሁኑና እዩለት። ይችን አትርሱብኝ፣ ልጆቼ።