ባለ ጺሞቹ ፅንሶች

የክሊኒኩ ሲስተር ስትደውል ጭንቅላቴ የሶፋ ሆድ ውስጥ ነበር። ሶፋ አልባሽ ነኝ፤ የሰው መቀመጫ ስቀድና ስሰፋ ነው የምውለው። ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ ምስማር በጥርሴ ነክሼ «አቤት» አልኩ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከክሊኒኩ ነው። የፅንሶቹ ምርመራ ውጤት ደርሷል፤ ከባለቤትዎ ጋር...»

ጎርነን ያለ የሴት ድምፅ ነው። ወዲያው ነቃሁ፤ ጓደኛዬ ጎማ ጠጋኙ፣ ጎሚስታው ነው! ባለፈው ሳምንት ድምፄን አቅጥኜ ደውዬለት፣ «የሰርከስ ባለቤት ነኝ፤ የዝሆናችን መኪና ጎማው ተንፍሷል፣ ዝሆኑም ተናዶ ሾፌሩ ላይ ተቀምጧል» ብዬ ክሪክ አሸክሜ ግማሽ ከተማ አዙሬዋለሁ። «ቆይ ብቻ፣ በራስህ ጅራፍ ባልገርፍህ!» ብሎ ዝቶብኛል። ስለዚህ ተዘጋጅቼ ነው የምጠብቀው።

«እሰይ! ጺም ያላቸውን ለይተሽ አስቀምጪልኝ፤ የቀሩትን ለጎረቤት አድዪ!»

«ምን አሉኝ?»

«አንተ ጎሚስታ፣ ድምፅህን ብታቀጥነውም የላስቲክ ሽታህ በስልክ ይመጣል!»

ዘጋሁት። ሳቄ ምስማሩን ሊያስውጠኝ ምንም አልቀረው። ገና ስቄ ሳልጨርስ ጎሚስታው በበሩ ገባ፤ መቀስ ሊዋስ ነው የመጣው።

«ስልክህስ?» አልኩት።

«ባትሪው ሞቶ ቤት ትቼው ወጣሁ። ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለ?»

ደሜ ከአናቴ ወርዶ ጫማዬ ውስጥ ሲንቦጫረቅ በጆሮዬ ሰማሁት።

ነገሩ የሚቀለድበት አልነበረም። አንዲት ልጅ ነበረችን። ቆማ ሳትሄድ በሽታ ነጠቀን። ከዚያ ወዲህ ሚስቴ የሕፃን ልብስ የተሰጣበት ገመድ ካየች መንገድ ትቀይራለች። ዶክተሯ ደማችንን አስመርምራ የበሽታው ዘረመል በሁለታችንም ውስጥ እንዳለ ነገረችን። እኔ በበኩሌ የተረዳሁት እንዲህ ነው፤ በእኔ ቤት አንድ ሌባ ተደብቋል፣ ብቻውን ፈሪ ስለሆነ ማንኪያ እንኳ አይሰርቅም። በሚስቴም ቤት እንደዚያው። ሁለቱ ሌቦች አንድ ልጅ ላይ ከተገናኙ ግን ቤቱን ኦና ያደርጉታል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ፅንስ ከማህፀን ውጪ ፈጥረው፣ መርምረው፣ ሌቦቹ ያልተገናኙበትን ወደ ማህፀኗ ሊመልሱ ነው። ሚስቴ ያን ሁሉ መርፌ ከቻለች በኋላ፣ «ይህ ካልሆነ ድጋሚ አልሞክርም። ሌላ ልጅ አልቀብርም» ብላለች። አራት ፅንሶች በማቀዝቀዣ ተቀምጠው ውጤት እየጠበቅን ነው። እኔ ነኝ እንግዲህ ለጎረቤት ያደልኳቸው!

መልሼ ብደውል ማሽን አነሳው፤ «ጥሪዎች ሁሉ ይቀዳሉ፣ እባክዎ ይጠብቁ።»

«ተቀድቷል!» ብዬ ጮህኩ።

ነገሩን ስነግረው ጎሚስታው አፉን በእጁ ያዘ። «አንተ፣ በልጅ ይቀለዳል?»

«በአንተ መስሎኝ ነው የቀለድኩት!»

ሮጬ ቤት ስደርስ ሚስቴ አንሶላ ታጥፋለች፣ አማቴ አጠገቧ ተቀምጠው መነጽራቸውን ይወለውላሉ።

«ውጤቱ ደርሷል» አልኩ።

ሚስቴ ቀና እንኳ አላለችም። «ዛሬ ቀልድ አልችልም፤ ተወኝ።»

«በልጃችን!»

በዚያች ልጅ ስም ቀልጄ አላውቅም። አንሶላውን እንደያዘች ተነሳች፤ ከበሩ ላይ አማቴ ናቸው አንሶላውን ከእጇ የተቀበሉት።

ታክሲ ውስጥ ጉዱን ዘረገፍኩት። አማቴ ጭኔን አጥንቴ ድረስ ቆነጠጡኝ። «አንተ ልጅ፣ ምላስህን ማን ነው የሰፋልህ? ያለ ልክ ነው የሰፋው!»

ሚስቴ ግን አልተቆጣችም። «ስንቱ ደህና ነው አለች?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

«አላስጨረስኳትም።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ብትቆነጥጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ክሊኒኩ ስንገባ ሲስተሯ አፍንጫዋን በሶፍት ይዛ ተቀምጣለች። ለካ ድምፁን ያጎረነነው ጉንፋን ነው! «የባለ ጺሞቹ አባት መጡ?» አለች።

«ሲስተር፣ በፈጠረሽ፣ ለማን ሰጠሻቸው?»

«ለማን እሰጣለሁ? የሁለታችሁ ፊርማ ሳይኖር እንኳን እኔ፣ ዶክተሯም አንዱን ንክች አታደርግም። አራቱም ቦታቸው ላይ ናቸው።»

ያለ ወንበር ተቀመጥኩ፤ ማለትም ወለሉ ላይ።

ዶክተሯ ክፍሏ አስገብታ አስቀመጠችን። ሚስቴ ሰላምታም አልሰጠቻት። «ስንቱ?»

«ሁለቱ አይታመሙም» አለች ዶክተሯ። «አንደኛው ችግሩ ጨርሶ የለበትም፤ ሌላኛው እንደ እናንተ ተሸካሚ ብቻ ነው። ሦስተኛው ታማሚ ነው። የአራተኛው ናሙና አልተነበበም።»

«ተሸካሚው አንድ ሌባ ያለበት ቤት ማለት ነው» አልኩ። ሚስቴ በክርኗ ጎሰመችኝ።

አማቴ የራሳቸውን ጆሮ ይዘው ወደ ፊት ጠጋ አሉ። «ዶክተር ልጄ፣ ለምርመራው ከፅንሱ ቆንጥረው ይወስዳሉ አሉ። ከየቱ ጋ ነው? ከጆሮው ከሆነ እኮ...»

«ጆሮ ገና የለውም እማማ። የወሰድነው የእንግዴ ልጅ ከሚሆነው፣ ከውጪኛው ክፍል፣ ጥቂት ሴሎች ነው። ልጅ የሚሆነውን ውስጠኛውን አልነካነውም።»

አማቴ ጆሯቸውን ለቀቁ።

«እርግጥ ነው?» አለች ሚስቴ።

«መቶ በመቶ ብልሽ ዋሸሁሽ። ምርመራው የሚፈልገው ያንን በሽታ ነው እንጂ ሌላውን ሁሉ አያይም፤ አልፎ አልፎም ይሳሳታል። ማርገዝሽም ገና የሚታይ ነው። ካረገዝሽ፣ ከፈለግሽ፣ ያኔ ደግመን እናረጋግጣለን። ግን ልጅሽን የወሰደው በሽታ እነዚህ ሁለቱ ላይ አልተገኘም።»

«አልተገኘም» አለች ሚስቴ፣ ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው።

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። የማሳቂያ ወሬ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ያዘችና ትንፋሿን ለቀቀች፤ መጋረጃው ሲወዛወዝ አይቻለሁ።

«ራበኝ» አለች።

ለሳምንታት እንደ ወፍ ስትለቅም የከረመች ሴት ናት። አማቴ ከቦርሳቸው ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አወጡ።

«ይህን ደግሞ መቼ ያዙት?» አልኩ።

«ሐዘንም ይሁን ደስታ፣ ሰው መብላቱ አይቀርም።»

ሚስቴ የራሷን በላች። የእኔን በላች። የእናቷን ስትጀምር ከነቅርፊቱ መሰለኝ። ሲስተሯ በዚያ ስታልፍ፣ «እዚህ መብላት ክልክል...» ብላ ጀመረች። ሚስቴን አየቻት፤ ጉንጯ ሞልቶ፣ ፍርፋሪ አገጯ ላይ። ሲስተሯ አፍንጫዋን ጠረገችና የኮሪደሩን በር ቀስ አድርጋ ዘግታልን ሄደች።