ሻርዶኔ ለጌታ እራት

ሽብሩ አንዴ አለ ማለት አለ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ምእመኑ ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሞ፣ «ከእንግዲህ ለጌታ እራት ዘቢብ አንቀቅልም፤ ከገዛ ጓሮዬ ወይን እጨምቃለሁ!» ብሎ ቃል ገባ። በሌሞ አገር እንሰትና ገብስ እንጂ ወይን ማን ተክሎ ያውቃል? ግን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቃሉን ካጠፈ ሽማግሌነቱ ምኑ ላይ ነው?

ችግኙን የሰጠው ጎረቤቱ ፍሬው ነው፤ ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጣ ሰው። «ሻርዶኔ ይባላል፤ ነጭ ወይን ነው» ብሎ አስረድቶታል። ሽብሩ በሆዱ ሳቀ። ቡናስ ቢሆን መጀመሪያ አረንጓዴ አይደል? ሲበስል ይቀላል እንጂ!

ወይኑ በሦስተኛው ዓመት አፈራ። ፍሬው በአጥር በኩል ባለፈ ቁጥር፣ «ኧረ ደርሷል፣ ልቀመው!» ይላል። ሽብሩ «ገና አልቀላም» ይላል። የወይኑ ዘለላ ቢጫ ሆነ፣ ማር ማር አለ፣ ተጨማደደ፤ መቅላት ግን የለም። በመጨረሻ ለቅሞ ጨመቀውና፣ ጀሪካን ውስጥ ሲቆይ ይቀላል ብሎ ሦስት ሳምንት ጓዳ አስቀመጠው። ጀሪካኑ አበጠ፤ ክዳኑ ሲላላ ፍስስስ አለ።

«ይሄ ነገር ተብላልቷል» አለችው ሚስቱ ጵርስቅላ። ቆጮ ስታብላላ ያረጀች ሴት ናት፣ ታውቃለች።

«አንቺ ስለ ቆጮሽ እወቂ!» ብሎ በቀይ ሥር ውኃ አቀላው።

እሷም ጥላው ወጣች። ካኮረፈችው እንኳ አራት ወር ሆኗታል። ታናሽ ወንድሟ ኤሊያስ ለሰርግ ዱራሜ ከተማ ሄዶ አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጣ ተብሎ ለስድስት ወር ከጌታ እራት ታግዷል። የእገዳውን ደብዳቤ የጻፈው ሽብሩ፣ በጉባኤው ፊት ያነበበውም ሽብሩ!

እሑድ ደረሰ። ሰው ሁሉ ጠጣ፤ ቀምሶ የማያውቅ ሕዝብ ምኑን ይለያል? «የዘንድሮው ደግሞ ደረት ያሞቃል፣ ተባረክ!» ይሉታል። ከዝማሬው ጋር አጨብጭበው የማያውቁት እማማ እታለም ሦስቴ እልል አሉ። ሽብሩ የራሱን ጽዋ ሲጨልጥ ግን ጉሮሮው ጋለ። ወይኔ ጉዴ! ማንን ይጠይቅ? እዚህ ቤት የወይን ጣዕም የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሰው ሲወጣ የተረፈውን ጽዋ ይዞ ታጋጆች ወደሚቀመጡበት የኋላ አግዳሚ ሄደ። ኤሊያስ ብቻውን ተቀምጧል።

«እስቲ ቅመስልኝ፣ ወንድሜ።»

«ጋሼ ሽብሩ፣ እኔ እኮ ታግጃለሁ» አለ ኤሊያስ፤ ጽዋውን ግን አሸተተው። «ወይን ነው። ያውም ጥሩ ወይን።» ደጅ ላይ እየተሳሳቀ የሚሰነባበተውን ምእመን አየት አደረገና፣ «እንግዲህ ዛሬ እዚህ ቤት ወይን ያልቀመስኩት እኔ ብቻ ነኝ» አለ።

ሽብሩ አግዳሚው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ፤ በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም። «እንግዲህ የእኔንም ደብዳቤ አንተ ጻፈው» አለ ቀና ሳይል።

ጵርስቅላ ከበሩ መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ባሏንም ወንድሟንም አየች።

«ጠጋ በሉልኝ» አለች። «እኔስ አውቄ ነው የጠጣሁት።»