ዘጠና አራት በመቶ ከርከሮ

ጋሽ አፍንጫ ዓይናቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይህን ግን ከራሳቸውና ከሐኪሙ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ በመድኃኒትም በቀዶ ጥገናም የሚመለስ አይደለም ብሎ ቁርጡን ሲነግራቸው «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡና ቀጥ ብለው ወደ ጫማ መስፊያ ሱቃቸው ሄዱ። ቀጥ ብለው ስል እንዲያው ለአባባል ነው፤ መንገድ ላይ ሁለት ሰውና አንድ የመብራት ምሰሶ ገጭተዋል። ይቅርታ የጠየቁት ምሰሶውን ነው።

ሥራው እንኳ ብዙም አላስቸገራቸውም። አርባ ዓመት ጫማ የሰፋ ሰው በጣቱ ያያል። ወስፌው፣ መዶሻው፣ የማስቲሹ ቆርቆሮ ሁሉም ቦታ ቦታ ስላላቸው እጃቸው ሳይደናበር ያገኛቸዋል። ነገር የሚበላሸው ቀለም ላይ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ለአንዲት አስተማሪ አንድ ጥቁርና አንድ ቡኒ ጫማ አጣምረው ሰጧት። ተመልሳ መጥታ ስትጮህባቸው ዓይናቸውን በጨው አጥበው «ፋሽን ነው እኮ የኔ ልጅ፣ አልሰማሽም?» አሏት። በሳምንቱ ሌሎች ሁለት አስተማሪዎች የእኛንም እንደዚያ ያድርጉልን ብለው መጡ።

መከራው አደኑ ላይ ነበር። ጋሽ አፍንጫ የሚለውን ቅጽል ስም ያተረፉት ውሻ ዱካውን ያጣበትን ከርከሮ ሽታውን ተከትለው ስላገኙ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በከተማው ውስጥ ከጫማ ሰፊነታቸው ይልቅ አዳኝነታቸው ይወራል። ዘንድሮ ታዲያ የአደን ፈቃድ የሚሰጠው ጽሕፈት ቤት አዲስ ደንብ አወጣ። ዕድሜው ከስልሳ አምስት ያለፈ አዳኝ ወይ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ፊደላት ከሩቅ ያነባል፣ ወይ ፈቃድ ያለው ሌላ አዳኝ አንድ ቀን አብሮት ውሎ ይመሰክርለታል። ጋሽ አፍንጫ ፊደላቱ ቀርቶ ግድግዳውም በቅጡ አልታያቸውም።

«እኔ ፊደል አድኜ አላውቅም! ምስክር ይሻለኛል» አሉ ቆጣ ብለው።

ጸሐፊዋ አንድ ቅጽ አወጣችና ወረቀት ነክሶ በሚያጎብጠው የብረት ማኅተም መሃሉን ጨመቀችው። «ከማኅተሙ በላይ ያለው ሳጥን ‹ብቁ ነው› ይላል፤ ከማኅተሙ በታች ያለው ‹ብቁ አይደለም›። ምስክሩ አንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ግርጌው ላይ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። የታችኛው ከሆነ ጠመንጃው ፈቃድ ላለው ሰው ይተላለፋል» አለቻቸው።

ያ ጠመንጃ የአባታቸው ነበር። ቅጹን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ምስክር ፍለጋ ወጡ። ድሮ አብረዋቸው ያድኑ ከነበሩት ከፊሉ ሞተዋል፤ የቀሩትም ራሳቸው ምስክር እየፈለጉ ነበር። የተረፈው አማቻቸው፣ የልጃቸው ባል ብቻ ነው።

አማቻቸው ከጫማ መስፊያው ሁለት በር አለፍ ብሎ ስልክ ይጠግናል። የአደን ፈቃድ ያወጣው አምና ነው። ጋሽ አፍንጫ በሆዳቸው «ባትሪ» ነው የሚሉት፤ አንዳንዴም ከአፋቸው ያመልጣቸዋል። ልጁ ክፉ ሆኖባቸው አይደለም። ከዕቃ ጋር ሲያወራ እንጂ ከሰው ጋር ሲያወራ ብዙም ስላልሰሙት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ባትሪ መኪናውን ሱቁ ደጃፍ አቁሞ ያመጣውን ይቆጥርላቸው ጀመር። ድሮን አለ። ዛፍ ላይ ታስረው፣ አውሬ ሲያልፍ ፎቶ አንስተው ስሙን፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑም በመቶኛ አስልተው ወደ ስልክ የሚልኩ አምስት ካሜራዎች አሉ። ጠመንጃ ላይ ተገጥሞ የገላን ሙቀት የሚያይ መነጽር አለ። ለእነዚህ ሁሉ ደግሞ አንድ ቦርሳ ሙሉ ባትሪ አለ።

«አባባ፣ ዘንድሮ ከርከሮው የት እንዳለ ቁጭ ብለን ነው የምናየው» አለ።

«ቁጭ ብሎ ማየቱን ቤትህም ትችለዋለህ። በል ግራ ጫማህን አውልቅ።»

«ምን ሆነ?»

«ሶሉ ተላቋል። ስትራመድ ያጨበጭባል።»

ባትሪ ጫማውን አይቶ እውነት መሆኑን ሲያውቅ ዝም ብሎ አወለቀ። ጋሽ አፍንጫ ማስቲሹን ቀብተው፣ በመዶሻ ጠቅጠቅ አድርገው መለሱለት። «እስኪደርቅ ቀኑን ሙሉ ይሸታል። ከርከሮው ከሩቅ ነው የሚያውቅህ» ብለው አጉረመረሙ።

ልጃቸው ምሳ ቋጥራ መጣች። ባሏን ብርቱካናማ ሰደርያ አለበሰችውና ወደ አባቷ ዞረች። «ይሄን የለበሰ ሰው ከጨረቃ ላይ ይታያል። ላንተም አምጥቼ ነበር፣ አባዬ፣ እምቢ አልክ እንጂ። ሁለት ሆናችሁ ሄዳችሁ፣ ሁለት ሆናችሁ ኑልኝ።»

«ሦስት ሆነን ነው የምንመጣው። ከርከሮውን ረሳሽው?» አሉ ጋሽ አፍንጫ።

ደኑ ጋ ከመድረሳቸው ጭቅጭቁ ተጀመረ። ባትሪ ስልኩን አየና ነፋሱ ከምዕራብ ነው አለ። ጋሽ አፍንጫ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ወደ ላይ ቀሰሩና ከምሥራቅ ነው አሉ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ከሳተላይት የመጣ ነው!»

«እንግዲያው ሳተላይቱ እዚህ ወርዶ ያሽትተው!»

ሁለቱ አብረው ቢሄዱ ከርከሮ ቀርቶ ድንጋይም እንደሚሸሽ ሲገባቸው ደኑን ተካፈሉት። መሃል ለመሃል ወንዝ አለ፤ ጋሽ አፍንጫ በምሥራቅ፣ ባትሪ በምዕራብ፣ አንዱ ወደ ሌላው ላይሻገር ተስማሙ። ምስክርነቱም ችግር የለበትም፤ ባትሪ ሁለት ሁለት ካሜራ በየዳርቻው ሰቅሎ እሳቸውን በስልኩ እያየ እንደሚመሰክር ነገራቸው። ጋሽ አፍንጫ ነገሩ በጣም ተስማማቸው። ከሩቅ የሚመሰክር ምስክር ከየት ይገኛል!

ብቻቸውን ሲሆኑ ከርከሮ የተንከባለለበት ጭቃ ፈልገው አገኙና ፊታቸውን፣ አንገታቸውን፣ የቆዳ ካፖርታቸውን ሳይቀር ለቀለቁት። የሰው ሽታቸው ጠፋ። ከዚያ በአራት እግራቸው ሆኑ። ድሮ ይህን የሚያደርጉት ለጥበብ ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ምርጫ ስለሌላቸው ነው። መሬቱን በጣታቸው ሲዳስሱ አንድ ኮቴ አገኙ። ጠርዙ ገና ሹል ነው፣ አልተናደም፤ ካለፈ ግማሽ ሰዓት አይሞላውም። የኋላ ቀኝ እግሩን ይጎትታል። አወቁት፤ ክራንቻው የተሰበረው ሽማግሌ ከርከሮ ነው፣ ስድስት ዓመት ያመለጣቸው። ደስታው ልባቸውን ሞላው፤ ዓይናቸውንም፣ ቅጹንም፣ ጸሐፊዋንም ረሱ።

ኮቴው ወንዙ ጋ ደርሶ ተሻገረ። ጋሽ አፍንጫ ጥቂት አመነቱ። ቃል ገብተዋል፤ ከርከሮው ግን ምንም ቃል አልገባም። ተሻገሩ።

ሃምሳ እርምጃ ያህል እንደዳሁ ከፊት ለፊታቸው ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። የሆነ ነገር እያለከለከ፣ እያቃሰተ ይመጣል። ቀና ሲሉ አንድ ድብልብል ያለ ጥላ ታያቸው፤ ከዚያ በላይ የሚታያቸው ነገር የለም። ጠመንጃውን ቀስ ብለው አነሱ። ይህቺን አንዲት ጥይት፣ ከዚያ ማን ምን ይላል? ጣታቸው ምላጩ ላይ አረፈ።

በዚያች ሰዓት ነፋሱ ዞረ፤ ልክ ስልኩ እንዳለው ከምዕራብ መጣ። አፍንጫቸው ውስጥም ማስቲሽ ገባ።

ጣታቸውን ከምላጩ ላይ ያነሱት እንዴት እንደሆነ አያውቁም። ጠመንጃውን መሬት ላይ አስተኙት። ቁጭ አሉ። «አንተ ልጅ» አሉ፣ «ሶሉ ያዘልህ?»

 ከቁጥቋጦው ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። «አባባ? እርስዎ ነዎት? ምሥራቅ አልነበሩም እንዴ?»

«ከርከሮው ተሻገረ።»

ባትሪ ጠመንጃውን እንደያዘ ወጣና አጠገባቸው ዘጭ አለ። ስልኩን አወጣና አነበበላቸው። «የምዕራቡ ካሜራ ነው የላከው። ‹ከርከሮ፣ ወንድ፣ ያረጀ፣ ዘጠና አራት በመቶ› ይላል። ፎቶው እርስዎ ነዎት፣ አባባ። አነጣጥሬብዎት ነበር! ልተኩስ ስል መነጽሩ ‹አዲስ ዝማኔ አለ፣ አሁን ልጫን ወይስ በኋላ?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹በኋላ› የሚለውን እየተጫንኩ ነው ድምፅዎን የሰማሁት።»

ጋሽ አፍንጫ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ያረጀ አለኝ? ከየት አወቀ?» ባትሪም ሳቅ አመለጠው፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ባትሪ እንባውን ሊጠርግ የሰደርያውን ጠርዝ ሳብ አደረገና እጁ እዚያው ቀረ። ሳቁ ቆመ።

«አባባ፣ እርስዎም አነጣጥረውብኝ ነበር?»

«ማስቲሹ ባይሸተኝ...»

«ብርቱካናማ ነው እኮ የለበስኩት» አለ ባትሪ በቀስታ።

 ለምሰሶ ይቅርታ የጠየቁት ሰውዬ ለዚህ ልጅ የሚሉት አጡ። ልጃቸውን በገዛ እጃቸው ባል አልባ ሊያደርጓት እንደነበር ሲያስቡ ጠመንጃውን አንስተው ጥይቱን አወጡ።  ባትሪ ክንዳቸውን ይዞ አነሳቸውና ድንጋዩን፣ ሥሩን፣ ጉድጓዱን እየነገራቸው ወደ መኪናው ወሰዳቸው። ይህን ያህል ሲያወራ ሰምተውት አያውቁም።

መኪናው ጋ ሲደርሱ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ምሳው የለም፤ የምሳ ሳጥኑም ተቆርጥሟል። የኋላ ወንበሩ ላይ ጭቃ አለ። ጋሽ አፍንጫ እጃቸውን ሰደው ኮቴውን ዳሰሱት። «የኋላ ቀኝ እግሩን ይጎትታል» አሉ። «ተሻግሮ ተመልሷል፣ ባለጌ!» ባትሪ ቸኩሎ በሩን በቅጡ ሳይዘጋ ነበር የሄደው፤ መኪናው ውስጥ ለጥበቃ የተዋት አምስተኛዋ ካሜራ ግን አሥራ ሁለት ፎቶ ልካለች። ከርከሮው ከነተሰበረ ክራንቻው እንጀራ ፈላጊ መስሎ ወንበሩ ላይ ተሰይሟል። ከሥሩ «ሰው፣ ጎልማሳ፣ ስልሳ አንድ በመቶ» የሚል ጽሑፍ አለ።

በዚህ እንኳ ብዙ አልሳቁም። ፊት ለፊት ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጋሽ አፍንጫ ቅጹን አውጥተው ሰጡት። እስክሪብቶው ቶሎ አልጻፈም። ከዚያ ሁለት ጊዜ ጫር ጫር ሲል ሰሙት።

«ሞላሁት፣ አባባ።»

«ምን አልክ?»

«ብቁ ነው አልኩ» አለ ባትሪ። «ግርጌው ላይ ይፈርሙ።»

ጋሽ አፍንጫ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አኑረው በአውራ ጣታቸው ማኅተሙን ፈለጉ። አገኙት፤ ክቡ ጎበጥ ብሎ ይዳሰሳል። ከማኅተሙ በላይ ሄዱ፤ ወረቀቱ ልሙጥ ነው። ከማኅተሙ በታች ወረዱ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀድደው ምንም እስከማይቀረው ድረስ ተጭኖ፣ ሁለት መስቀለኛ መስመሮች ቆፍሯል።

ጣታቸው እዚያ ላይ ብዙ ቆየ። አልተናደዱም። ይህ ልጅ የሚስቱን አባት ፊት ለፊት ማዋረድ አልሆነለትም፤ ሚስቱን ዳግመኛ ለእንዲህ ያለ ቅዳሜ ማጋለጥም አልሆነለትም፤ ስለዚህ በአፉ ዋሽቶ በእጁ እውነቱን ጻፈ። ልጄን ለሰው ነው የሰጠኋት ብለው አሰቡ። እስክሪብቶውን ተቀብለው ፈረሙ።

«ልክ ነው የሞላኸው፣ ልጄ» አሉ።

ባትሪ ቁልፉን ማስገቢያው ላይ ሦስት ጊዜ ሳተው።

«ጠመንጃውን አንተ ውሰደው፤ እኔን ከብዶኛል» ብለው ቀጠሉ። «በሚመጣው ቅዳሜ እኔ አሸታለሁ፣ አንተ ታያለህ። ያን ሰደርያም አምጣልኝ። ጫማህ ላይ ግን ጠዋት ጠዋት ማስቲሽ እቀባልሃለሁ፣ ሶሉ ቢላቀቅም ባይላቀቅም።»

ቤት ሲደርሱ ልጃቸው በር ላይ ቆማ ነበር። አንድ፣ ሁለት ብላ ቆጠረችና ትንፋሿን ለቀቀች። «ሁለት ናችሁ። ከርከሮውስ?»

ጋሽ አፍንጫ የባሏን ክንድ እንደያዙ፣ ከራስ ፀጉራቸው እስከ ካፖርታቸው ጫፍ ጭቃ ለብሰው ከመኪናው ወረዱ።

«ዘጠና አራት በመቶው ይኸው» አሏት።