የአሥራ ሁለት አካፋዮች

በ1975 ዓ.ም. መምህርት አምሳለች ቢቸና ውስጥ በቀን ሁለት ፈረቃ ሂሳብ ታስተምር ነበር። ጠዋት ስድስተኛ ክፍልን በአማርኛ፣ ከሰዓት በኋላ ሰባተኛ ክፍልን በእንግሊዝኛ። በሳምንት ሦስት ቀን አመሻሹ ላይ በቀበሌው አዳራሽ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ታስቆጥራለች። እሑድ ስብሰባ አለ። ባሏ የሚሠራው ባሕር ዳር ስለሆነ ወደዚያ እንድትዛወር ካመለከተች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ጠዋት ስትነሳ እግሯ ከማታው የበለጠ ዝሎ ታገኘዋለች።

ሰባተኛ ሐ ሰማንያ ሰባት ተማሪ ነበረው። መጽሐፍ ለስምንት ሰው አንድ ስለሆነ፣ ለአብዛኞቹ ትምህርቱ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል «አካፋይ» እና «ብዜት» ሲሉ የቆዩት፣ ሰባተኛ ሲገቡ ያንኑ ነገር «ፋክተር» እና «መልቲፕል» በሉ ይባላሉ። አምሳለች ታኅሣሥ ውስጥ አስተማረቻቸው፤ ጥር ላይ ከሃያ የሚታረም ፈተና ሰጠቻቸው።

ስልሳ አንዱ ወደቁ። የአሥራ ሁለትን ፋክተሮች ጻፉ ሲባሉ 12፣ 24፣ 36፣ 48 እያሉ ወርደዋል። መልቲፕሎቹን ሲጠየቁ ደግሞ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 12። አምሳለች በየእረፍቱ መምህራን ክፍል ተቀምጣ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ስታደርግ ሰነበተች። ከአሥረኛው ወረቀት በኋላ ማሰቧን ትታ እጇ ብቻ ይሠራ ነበር።

ውጤቱን በመለሰችበት ቀን ክፍሉን ሁሉ ተቆጣች። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት እጇን አውጥታ ተነሣች። ሀብትነሽ ትባላለች፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ አምሳለችን በሦስት ዓመት ትበልጣታለች። በልጅነቷ አግብታ ትምህርቷን ያቋረጠች ናት። ባሏ ከጦር ሜዳ ሳይመለስ ሲቀር፣ ጠዋት ዳቦ እየሸጠች ከሰዓት በኋላ መማር ጀመረች። ልጇ እዚያው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ናት። ሀብትነሽ በፈተናው ያገኘችው ከሃያው አራት ብቻ ነበር።

«መምህርት፣ እኛ የጻፍነው ደብተራችን ላይ ያለውን ነው» አለች።

«ደብተርሽ ላይ እንዲህ ከሆነ ያለው፣ ከሰሌዳ መገልበጥም አልቻልሽም ማለት ነው» አለች አምሳለች። «ልጅሽ አራተኛ ክፍል አይደለች? ማታ እሷን ጠይቂያት። ሳትሻልሽ አትቀርም።»

ክፍሉ ሳቀ። ሀብትነሽ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ያን ቀን ደብተር የሚሰበሰብበት ስለነበር፣ ስትወጣ የሷንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። በማግሥቱ አልመጣችም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣችም።

ሳምንት አልፎ አምሳለች ደብተሮቹን ማረም ጀመረች። የሀብትነሽን ስትገልጥ ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው፤ ርዕሱ ሁሉ በማስመሪያ ተሰምሮበታል። «የ12 ፋክተሮች» ከሚለው ሥር 12፣ 24፣ 36 ተደርድሯል። ሌላ ደብተር አነሳች፤ ያው ነው። አምስተኛውንም ስድስተኛውንም ገለጠች። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ ቀኑም አንድ ነው።

ያን ዕለት አስታወሰችው። በዋዜማው ስብሰባው አምሽቶ፣ ጠዋት ስድስተኛ ክፍልን አስተምራ፣ ምሳ ሳትበላ ነበር የገባችው። ሁለቱን ርዕሶች ያገለባበጠችው ራሷ ነበረች። ካለፉት ሃያ ስድስት ልጆች አብዛኞቹ ያን ቀን የቀሩ ወይም መጽሐፍ የደረሳቸው ነበሩ። በትጋት የገለበጡት ናቸው የወደቁት። አምሳለች ደብተሩን ዘጋችው። ማልቀስ አሰኝቷት ነበር፤ ለዚያም ጉልበት አጣች።

ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብታ ነገረቻቸው። «ስህተቱ የኔ ነው። እናንተ ያስተማርኳችሁን ነው የጻፋችሁት።» ማንም አልሳቀም። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍላ፣ ቃላቱን ከነአማርኛቸው ጽፋ እንደገና አስተማረች። ከሁለት ቀን በኋላ በአዲስ ቁጥሮች ፈተነቻቸው። ከቀረቡት ሰማንያ ስድስቱ ሰባ አንዱ አለፉ።

ዳይሬክተሩ አቶ ገብረ ሕይወት ግን አዲሱን ውጤት አልቀበልም አሉ። «ጓድ አምሳለች፣ የመጀመሪያው ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት ተልኳል። አሁን ምን ብዬ ነው የምቀይረው?»

«አስተማሪዋ ተሳስታ ነው ይበሉ።»

«እንዲያ ከሆነ ራስሽ ጽፈሽ ፈርሚ። ፋይልሽ ውስጥ ይገባል፤ የዝውውርሽን ነገር አስቢበት።»

«ልጻፈውና እንግዲህ ይግባ» አለች።

ሀብትነሽ ሞጣ እህቷ ዘንድ እንደሄደች ጎረቤቶቿ ነገሯት። አምሳለች ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪና ላይ ጋቢና ለምና ተሳፈረች። ግንደወይን ላይ ጎማ ፈንድቶ አንድ ሰዓት ቆሙ። ሞጣ ስትደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ልብሷ አቧራ ለብሷል። ሀብትነሽን ገበያው ዳር፣ ዳቦ በሰፌድ ዘርግታ አገኘቻት።

«እትዬ ሀብትነሽ» አለቻት። ክፍል ውስጥ እንዲህ ብላ ጠርታት አታውቅም። «ደብተርዎን አየሁት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳው ላይ ሁለቱን ርዕሶች አገለባብጬ ጻፍኩ። በሰው ፊት የተናገርኩትም ነውር ነበር።»

ሀብትነሽ ሰፌዱን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው። «ይኼን ሊነግሩኝ ነው እስከዚህ የመጡ?»

«አዎ።»

«እኔስ ጠርጥሬ ነበር። አማርኛውን አውቀዋለሁ፤ አሥራ ሁለትን ሃያ አራት አያካፍለውም። ግን እርስዎ ሲጽፉት፣ በእንግሊዝኛ ሌላ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ልጄ እኮ ሰማችው። አራተኛ ክፍል ድረስ ተወርቶ ደረሰ። እናትሽ ከአንቺ ታንሳለች ወይ እያሉ ጠየቋት።»

አምሳለች አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት፤ ውስጡ አዲሱ የፈተና ወረቀት ነበረ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሌሎቹ ደግመው ተፈትነዋል። የእርስዎ ቀርቷል።»

ሀብትነሽ ወረቀቱን አየችው። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሰው አስተናግዳ መለሰች፤ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ፣ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መጻፍ ጀመረች። የአሥራ ስምንትን ፋክተሮች ጨርሳ ጻፈች። የጋራ ብዜቱ ላይ ብቻ አንድ ቁጥር ዘለለች። አምሳለች እዚያው አረመችው፤ ከሃያ አሥራ ሰባት።

«ሰኞ ይመለሳሉ?» አለቻት።

«አልመለስም፣ መምህርት። ልጄን እዚያ ክፍል አላስገባትም። እዚህ ሁለታችንንም ላስመዝግብ ብዬ ነበር፤ መሸኛ አምጪ አሉኝ።»

«እኔ አመጣለሁ።»

አቶ ገብረ ሕይወት መሸኛውን ለመፈረም ሁለት ሳምንት ወሰደባቸው። አምሳለች ጥፋቷን በገዛ እጇ ጽፋ በሦስት ኮፒ ከሰጠች በኋላ ነው ውጤቶቹ የተስተካከሉት። የእናትና የልጅ ወረቀት አንድ ላይ በሾፌር እጅ ሞጣ ደረሰ። ሀብትነሽ መቀበሏን በአንዲት ብጣሽ ወረቀት አሳወቀች፤ ከዚያ ሌላ የጨመረችው ቃል የለም።

ግንቦት ላይ የዝውውር ዝርዝር ወጣ። የአምሳለች ስም አልነበረበትም። ለባሏ ደብዳቤ ጽፋ አንድ ዓመት ቆየኝ አለችው፤ ምክንያቱን አልነገረችውም። ከሰዓት በኋላ ሰባተኛ ሐ ገብታ የክፍልፋይ ድመራ አስተማረች። ሊደወል ሲል ጠመኔዋን አስቀምጣ፣ ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች አንዴ አነበበችው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ልጆቹ ገልብጠው እስኪጨርሱ ጠበቀች።