መጀመሪያ ማጥፋት

«አይንኩት!»

ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ዞረ። የሟች ወንድም የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቆሞ፣ እጁን ወደ አምፖሉ እንደዘረጋ ቀረ። ውጭ ዝናቡ ያወርደዋል። በአምፖሉ ዙሪያ ኮርኒሱ ረጥቧል፤ ውሃው በሽቦው ተንሸራቶ ጠብ ጠብ እያለ ከስር የተቀመጡትን ሰዎች ትከሻ ያርሳል።

«ምን ሆንሽ አንቺ? አምፖሉን ልፈታው ነው እንጂ ልበላው ነው?»

«ጋሼ፣ ይውረዱ። እጅዎም ወንበሩም እርጥብ ነው።»

የተናገረችው የሟች ልጅ ናት። ሠላሳ ዓመት አልፏት፣ ቁመቷም እናቷን በልጦ፣ ሰው ሁሉ አሁንም ሚጢ ነው የሚላት። እናቷ ከተቀበረች ወዲህ ድምጿን ከፍ ስታደርግ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። በሰዎቹ ጉልበት መሀል አልፋ በረንዳ ወጣች፤ ከቆጣሪው ስር ያለውን ብሬከር ወደ ታች አደረገችው። ሳሎኑ ደበዘዘ።

«እና በቀን ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን እናልቅስ?» አለ አጎቷ ከወንበሩ እየወረደ።

«ለማልቀስ ደግሞ መብራት ምን ያደርጋል?» አለች ጥግ የተቀመጠችው ጡረተኛ ነርስ። አንድ ሁለት ሰው ሳቁን በመዳፉ አፈነ።

ሚጢ ባልዲ ከአምፖሉ ስር አስቀምጣ ብርጭቆ ልታመጣ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። በሩ ላይ ሹክሹክታ ያዛት።

«ይቺው ጣሪያ አይደለች የበላቻት? ስንቴ ተመከረች! ሴት ልጅ ቆርቆሮ ላይ ምን ትሠራለች?»

«ወድቃ ነው እንዴ?»

«እንደዚያ ነው የሚወራው።»

ሚጢ ገባች። ሁለቱ ሴቶች ሳህኑን ማጠብ ያዙ።

«እናቴ የሞተችው በደም ግፊት ነው» አለች፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ። «አልጋዋ ላይ፣ እንቅልፍ እንደወሰዳት። ከጣሪያ አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም።» ብርጭቆዎቹን አንስታ ወጣች።

ከቤቱ ሰው በአደጋ የሞተው አባቷ ነበር። ሹፌር ነበር፤ ችኩል፣ ሳቂታ። ሚጢ ልጅ ሳለች የኤሌክትሪክ ምድጃው ተበላሸና ከሶኬቱ ሳይነቅል ከፈተው። እናቷ «ንቀለው እንጂ» ስትለው «አንዴ ናት፣ ምን ታደርገኛለች» ነበር መልሱ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ከለቅሶው በኋላ ዘመድ ሁሉ ምድጃው ይጣል አለ። እናቷ እምቢ አለች። የሰፈሩን ኤሌክትሪሻን አስጠርታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችለት፤ «ምን እንደገደለው አሳየኝ» አለችው። ሰውየው አንገራግሮ አንገራግሮ ፈታው፤ ልባሱ የተላጠውን ሽቦም አሳያት። እሷ ግን በዚያ አላበቃችም። ሥራው ድረስ እየተከተለች ጠየቀችው፤ ቧንቧ ሠሪውንም እንደዚያው። የልብስ ስፌቷን እየሠራች ከዓመት በኋላ የራሷን ሶኬት ቀየረች። ሰፈሩ ሊያሾፍባት «እትዬ ፒንሳ» አላት። ስሙን ወደደችው፤ «ፒንሳ የያዘውን አይለቅም» ትል ነበር።

ከዚያ ጎረቤት ሴቶችን ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢዋ ትሰበስብ ጀመር። ቧንቧ ቢሆን ሶኬት፣ ትምህርቷ የሚጀምረው ከአንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ማጥፋት። ከዚያ ኤሌክትሪክ እንደሌለ በቴስተር ማረጋገጥ። ከዚያ እጅን ማድረቅ። ከተማሪዎቿ አንዷ፣ ጸጉር ሠሪዋ፣ አንድ ቀን «እትዬ ፒንሳ፣ ማብራቱንስ መቼ ነው የምታስተምሪን?» ብላ ግቢውን በሳቅ ሞልታዋለች። ከአቅም በላይ የሆነውን ደግሞ «ይሄ የባለሙያ ነው» ብላ ትተወዋለች፤ አታፍርም።

እናቷ ጣሪያ ስትጠግን ሚጢ መሰላል ትይዛለች እንጂ ራሷ ወጥታ አታውቅም። «እፈራለሁ» ስትላት እናቷ «እኔስ? የማይፈራው አባትሽ ነበር» አለቻት።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ። አጎቷ ለአንድ ቆርቆሮ ሠሪ ደወለ፤ ሰውየው የሚመጣው በሳምንቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰማዩ እንደገና መጥቆር ያዘ። ጸጉር ሠሪዋ መሰላል አሸክማ መጣች።

«ሆዴ ባይገፋ እኔው እወጣልሽ ነበር» አለች፤ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል።

ሚጢ የእናቷን ወፍራም ሶል ጫማ ሞከረች፤ ጠበባት። የራሷን ሸራ ጫማ አጥብቃ አሰረች።

«የትም አትወጪም!» አለ አጎቷ። «እህቴን ቀብሬ ሳምንት እንኳ አልሞላኝም። አንቺን ደግሞ ልቅበር?»

«እንዳይቀብሩኝ መሰላሉን ይያዙልኛ፣ ጋሼ።»

አየት አደረጋት። ኮቱን አውልቆ ለነርሷ ሰጠና መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ።

ጸጉር ሠሪዋ ከታች ትጮሃለች፦ «ቆርቆሮው ደርቋል? በመዳፍሽ እዪው! ሚስማሩ በተደረደረበት ብቻ ርገጪ፤ እንጨቱ ከስሩ ነው!»

ሚጢ ወጥታ ቆርቆሮውን በመዳፏ ዳበሰች። ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ ይዛው ሄደች። አንድ ሚስማር ተነቅሎ ቀዳዳው አፉን ከፍቷል። አዲስ ሚስማር ከነጎማው መታች፤ ዙሪያውን ሬንጅ ቀባች። ጓንቷ ቀጭኑን ሚስማር አልይዝ ስላላት አውልቃው ነበርና ሬንጁ ጣቶቿን አለበሳቸው። ስትወርድ ከፊቷ ላብ ይንጠባጠባል።

«መብራቱስ?» አለ አጎቷ።

«ኮርኒሱ ሳይደርቅ አይበራም። ሽቦውን ደግሞ ኤሌክትሪሻን ይየው።»

ዝናቡ መጣ። ሁሉም ተሰብስቦ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ባልዲው ውስጥ ምንም አልወረደም። ወጥ ቤት ሟቿን ስታማ የነበረችው ሴት ባልዲውን አንስታ ደፋችው።

ሚጢ በረንዳ ላይ እጇን በሳሙና ታሻለች። ሬንጁ አይለቅም። አጎቷ የወጥ ዘይትና አሮጌ ጨርቅ ይዞ መጣ፤ ከፊቷ በርከክ ብሎ እጇን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከአውራ ጣቷ ጀምሮ አንድ በአንድ ጠረገላት። አሥሩም ጣቶች ጸዱ። አጎቷ ጨርቁን ገለበጠና ዘይት ጠብ አድርጎበት እንደገና ከአውራ ጣቷ ጀመረ። እሷም እጇን አልወሰደችም።